የጎማው ዘንግ ተጠግኖ ካምቢዮው ሲሞት

በዚህ ዓምድ ስለ ጓዳና ስለ ማጀት፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ የምንጽፈው ስለ መኪና ነው። መኪና የወንዶች ጉዳይ እንጂ የቤተ ሰብ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም። አንድ ቤተ ሰብ ዓመታት ቈጥቦ ወይም ተበድሮ የገዛት አሮጌ መኪና ልጆችን ትምህርት ቤት የምታደርስ፥ ሕመምተኛውን ሐኪም ቤት የምትወስድ፥ በዓመት አንድ ጊዜም ለንግሥ ወይም ለተዝካር አገር ቤት የምታሻግር ከሆነች፥ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ በዋጋ የምትበልጠው እርሷ ናትና ስለ እርሷ ማወቅ የባልም የሚስትም ሥራ ነው። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጃችን ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገኑ ማቆየት ለብዙ ቤት የግድ ሆኗል።

ደጋግመን የሰማነው ነገር እንዲህ ያለ ነው። መኪናዪቱ ስትታጠፍ የፊት ጎማዋ በኩል ቀጭ ቀጭ ትላለች። ጋራዥ ትገባና ዘንጉ አርጅቷል ይባላል፤ ይለወጣል፤ ድምፁም ይጠፋል። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይከፍላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ግን ካምቢዮው ይሞታል። ያን ጊዜ ሰውየው፥ «አንዱ ሲበጅ ሌላው ይበላሻል፤ የአሮጌ መኪና ነገር እንዲህ ነው» ብሎ ራሱን ያጽናናና ለካምቢዮ የሚሆን ገንዘብ መፈለግ ይጀምራል። እኛ የምንለው፥ ዘንግ ከተነካ በኋላ በጥቂት ሳምንት የሚሞት ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ የሚሞት አይደለም ነው። ምክንያቱ ዘንጉ የወጣበትና የገባበት ቀን ነው።

የምናውቀው አንድ ቤተ ሰብ ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና ለአባት የአርባ ቀን ተዝካር ይጓዝ ነበር። በመኪናዪቱ ውስጥ ባልና ሚስት፥ ሁለት ልጆችና በዕድሜ የገፉ አንዲት አክስት ነበሩ። በቢቸና ጠላው ተጠምቆ፥ ካህናቱ ተጠርተው፥ ዘመድ ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል። ከጉዞው 20 ቀን ያህል አስቀድሞ በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ የግራው የፊት ጎማ ዘንግ ተለውጦ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዪቱ በምታድርበት ሲሚንቶ ላይ ጠዋት ጠዋት የሳንቲም ያህል ጥቁር ነጥብ ይታይ ነበር። ይህን አይታ የተናገረችው የቤት ሠራተኛዪቱ ናት። አባወራው የሞተር ዘይት መስሎት መለኪያውን መዝዞ አየ፤ የሞተሩ ዘይት ሙሉ ነው። ስለዚህም ነገሩን ተወው። በብዙ መኪና ላይ በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ያለው ካምቢዮ የራሱ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውምና፥ የሞተሩን ዘይት ለክቶ ሙሉ ማግኘት ስለ ካምቢዮው አንዳች አይናገርም። ይህን የሚያውቅ ባለ መኪና ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰውየውም ሊወቀስበት አይገባም።

ጫንጮን አልፈው ወደ ፍቼ ሲቃረቡ ከመኪናዪቱ ፊት ቀጭን የማላዘን ድምፅ ተሰማ። ማርሽ ሲለወጥ ድምፁም ይለወጥ ነበር። ትንሹ ልጅ፥ «አባዬ፥ መኪናዋ ታለቅሳለች» አለ። ገርበ ጉራቻ ሲደርሱ ድምፁ በረታ፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ውኃ ገዝተው ጥቂት አረፉና ቁልቁለቱን ጀመሩ። በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ ማርሹ በገዛ እጁ ተፈናጥሮ ወጣ፤ መኪናዪቱም ልጓሙ እንደ ተበጠሰ በቅሎ ወደ ፊት ተወረወረች። አባወራው ፍሬን ይዞ፥ ማርሹን መልሶ አስገብቶ፥ ከዚያ ወዲያ እስከ ድልድዩ ድረስ የማርሹን ዘንግ በቀኝ እጁ ጨብጦ፥ በግራው ብቻ መሪ እየያዘ ወረደ። እናትየዋ ልጆቹን አቅፋ ዝም አለች፤ አክስቲቱ ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር። ዓባይን ተሻግረው የደጀንን አቀበት ጥቂት እንደ ወጡ የተቃጠለ ድኝ የመሰለ ሽታ መጣ፤ በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ተከተለ፤ መኪናዪቱም ቆመች። ልጆቹ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረጉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ አይሱዙ ጎትቶ ደጀን አደረሳቸው።

በደጀን ያገኙት መካኒክ በዕድሜ የበሰለ ሰው ነበር። የካምቢዮውን የዘይት መሙያ ቡሎን ፈትቶ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ሲያወጣው ጣቱ ጥቁር ሆኖ በፀሐይ እንደ ብር ዱቄት ያብለጨልጭ ነበር። «ወንድሜ፥ ይህ የብረቱ ሥጋ ነው» አለ። «ሁለት ሊትር ዘይት ይገባው ነበር፤ አሁን ያለው አንድ ስኒ አይሞላም።» ከዚያም በግራው ዘንግ በኩል ያለውን የላስቲክ ቀለበት አውጥቶ አሳያቸው። ቀለበቱ አዲስ ነው፤ ከንፈሩ ግን የጥፍር ያህል ተሰንጥቋል።

ቤተ ሰቡ በሕዝብ ማመላለሻ ቢቸና የደረሰው ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ነበር። አክስቲቱ፥ «ለተዝካር ስንሄድ ለተዝካር ልንሆን ነበር» አሉ ይባላል። አባወራው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ጋራዡን ቢጠይቅ፥ «ጋሼ፥ እኛ የሠራነው ዘንግ ነው፤ ካምቢዮዎን አልነካንም» የሚል መልስ ተሰጠው።

ይህን መልስ ልብ አድርገን እንመልከተው፤ ብዙ ሰው ተታልሎ የሚመለሰው በእርሱ ነውና።

በአገራችን ብዙ ቤተ ሰብ የሚይዛቸው ትንንሽ አውቶሞቢሎች በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ተዳብለው ይኖራሉ፤ የሚጠጡትም አንድ ዘይት ነው። ካምቢዮ በጣሊያንኛ ለውጥ ማለት ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ከብዙ የጋራዥ ቃላት ጋር ወደ ቋንቋችን ገብቶ የቀረ ቃል ነው። ሥራው የሞተሩን ኃይል ለአቀበት፥ ለሜዳና ለቁልቁለት እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ነው። ዲፈረንሻል ደግሞ ያንን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ ያካፍላል። ከሣጥኑ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች ወጥተው ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ። የዘንጉ ውስጠኛ ጫፍ በሣጥኑ ቀዳዳ ገብቶ ከዲፈረንሻሉ ጋር በጥርስ ይያያዛል። በዚያ ቀዳዳ አፍ ዙሪያ ዘንጉን አቅፎ ዘይቱን የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት አለ፤ መካኒኮች ፓራዮሊዮ ይሉታል።

እንግዲህ ዘንጉ ሲመዘዝ የሣጥኑ አፍ ይከፈታል ማለት ነው፤ ዘይቱም ክዳኑ እንደ ተነሣ ማድጋ ይፈስሳል። አስቀድሞ በመውጫው ቡሎን ቢያፈስሱትም፥ ሳያፈስሱ ዘንጉን ቢመዝዙትም፥ ዘይቱ ይጎድላል። በዚህ ምክንያት «ዘንግ ነው እንጂ ካምቢዮ አልነካንም» ማለት፥ «ክዳኑን ነው እንጂ ማድጋውን አልነካንም» እንደ ማለት ነው። የፊት ጎማን ዘንግ የለወጠ ሰው ካምቢዮን ከፍቶ ዘግቷል፤ እንደ ከፈተው መዝጋትም የእርሱ ኃላፊነት ነው።

ጥፋቱ በብዙ መንገድ ሊደርስ ይችላል፤ እጅግ የተለመደው ግን በዚያ በላስቲክ ቀለበት ላይ የሚደርሰው ነው። የቀለበቱ ከንፈር ስስ ነው። የዘንጉ ጫፍ በስለታም ጥርሶች የተከበበ ነው። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ፥ ከባዱን ዘንግ በአንድ እጁ አንሥቶ፥ ቀዳዳውን በዳበሳ ሲፈልግ ጫፉ በከንፈሩ ላይ ካረፈ በአንድ ግፊት ይቈርጠዋል። ይህ ለዐይን አይታይም፤ በዚያን ጊዜም አይፈስስም። አዲስ ቀለበት ሲገባም ዙሪያውን እኩል መትቶ በማስገባት ፈንታ በመዶሻ አንዱን ወገን ብቻ ቢመቱት ይጣመምና ከዘንጉ ጋር በትክክል አይገጥምም። አሮጌውን ቀለበት «ገና ደኅና ነው» ብለው ሲተዉትም እንዲሁ ነው፤ በአሮጌው ዘንግ ልክ የተበላ ከንፈር አዲሱን ዘንግ አጥብቆ አይዝም። የቀለበቱ ዋጋ ከካምቢዮው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቈጠርም። ይህን ቀለበት ለመለወጥ «አያስፈልግም» የሚል መካኒክ፥ ለባለ መኪናው ገንዘብ የቈጠበ ቢመስለውም፥ በእኛ አስተያየት ሥራውን ገና አልጨረሰም።

አንዳንዱ ቀለበቱን በደንብ ያስገባና የፈሰሰውን ዘይት መመለስ ይረሳል፤ ወይም የፈሰሰው ጥቂት ነው ብሎ በግምት ያልፈዋል። በትንሽ መኪና ካምቢዮ ውስጥ የሚገባው ዘይት በጠቅላላው ሁለት ሊትር ገደማ ነውና ግማሽ ሊትር መጉደል ሩብ መጉደል ነው። ሌላው ደግሞ በመኪናዪቱ መጽሐፍ የታዘዘውን ትቶ በእጁ ያገኘውን ዘይት ይሞላል። አውቶማቲክ ካምቢዮ የሚፈልገው ዘይት በእጅ ከሚለወጠው ልዩ ነው፤ አንዱን በሌላው ፈንታ መሙላት ለሕፃን የአዋቂ መድኃኒት እንደ ማጠጣት ነው።

ካምቢዮው ለምን በዚያው ቀን አይሞትም? ዘይቱን ወደ ላይ የሚረጨው የጥርሶቹ መሽከርከር ስለ ሆነ ነው። የታችኞቹ ጥርሶች በዘይቱ ውስጥ እየነከሩ ይዞሩና ዘይቱን ወደ ላይኞቹ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ይረጩታል። ዘይቱ በጠብታ በጠብታ ሲጎድል በመጀመሪያ የሚጠማው የላይኛው ነው፤ የታችኛው ገና እየጠጣ ነውና መኪናዪቱ ትሄዳለች። በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ፥ በዝግታ፥ እየቆሙ ሲሄዱ ሙቀቱ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። ረጅም መንገድ ሲጀመር ግን የደረቀው ኩሽኔታ ይግላል፤ ያላዝናል፤ ከገላውም ዱቄት ይረግፋል። ያ ዱቄት በቀረው ዘይት ተቦክቶ በየጥርሱ መካከል እንደ አሸዋ ይፈጫል። ኩሽኔታው ሲላላ ዘንጎቹ ከቦታቸው ይናጋሉ፤ ጥርስ ከጥርስ በሙሉ አይገናኝም፤ ማርሹም በገዛ እጁ ይወጣል። አቀበት ላይ ደግሞ የቀረችው ጥቂት ዘይት ወደ አንድ ወገን ትሸሻለች። በሱሉልታ መንገድ ያልታየ በሽታ በዓባይ በረሃ መታየቱ ለዚህ ነው።

የዓባይን በረሃ ያነሣነው ቤተ ሰቡ በዚያ ስለ ቆመ ብቻ አይደለም። ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የጎጃም በር ናት፤ ከእርሷ አንዱ መንገድ በሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ሌላው በቢቸናና በደብረ ወርቅ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሳለም ከሸዋ የሚነሣ ምእመን ይህን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ውስጥ መንገዱ 1,300 ሜትር ያህል ወርዶ የዚያኑ ያህል ይወጣል። መጀመሪያ የተጠረገው በወረራው ዘመን ነው፤ በእኛ ዘመን በጃፓን መንግሥት እርዳታ ታድሷል፤ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የሕዳሴ ድልድይም በዚያው እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተከፍቷል። የሸለቆው መሬት የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ በየቦታው እየተሰነጠቀና እየተጎረበጠ ያስቸግራል። ጥሩ መንገድና ጥሩ ድልድይ ቢኖርም ቁልቁለቱ ቁልቁለት ነው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ካምቢዮ የመሄጃ ብቻ ሳይሆን የማቆሚያም መሣሪያ ነው። የቤት እመቤት በቀላሉ የምትረዳው ሒሳብ እናቅርብ። ሰውና ጓዝ የጫነች 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,300 ሜትር ስትወርድ፥ ከቁልቁለቱ የምታገኘው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ያሞቃል። ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ግን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ በካምቢዮው በኩል ጎማውን ይይዘዋል፤ ሙቀቱን ሞተሩ ይሸከመዋል፤ ፍሬኑም ቀዝቅዞ ለአደጋ ጊዜ ይቈያል። ማርሹ ከወጣ ወይም ዘንጉ ከሣጥኑ ከተፈናቀለ ግን ያ ሁሉ በአራት ትንንሽ ፍሬኖች ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይትም ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ከላይ ያነሣነው ቤተ ሰብ በቁልቁለቱ ላይ ማርሹ አንድ ጊዜ ወጥቶበት ሊመልሰው በመቻሉ ብቻ ነው ታሪኩን ለመናገር የበቃው። ካምቢዮው የሞተው ከድልድዩ ወዲህ ባለው አቀበት ላይ መሆኑን ሲያስቡት ያለቅሳሉ።

በኋላ ጎማ የሚገፉ መኪኖች፥ ሃይ ኤስ የሚባሉት ሚኒባሶችና የጭነት መኪኖች፥ የተለየ አደጋ አለባቸው። በእነርሱ ካምቢዮው ከፊት፥ ዲፈረንሻሉ ከኋላ ተለይተው ስለሚኖሩ የኋላ ዘንግ ጥገና ካምቢዮውን አይነካም። ነገር ግን የኋላው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት ከተበላሸ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወጥቶ የሚፈስሰው በጎማው ውስጥ ባለው የፍሬን ሸራ ላይ ሊሆን ይችላል። ዘይት የጠጣ ሸራ አይዝም። ለንግሥ ሚኒባስ የምትከራዩ ማኅበርተኞች፥ ከመሳፈራችሁ በፊት የኋላ ጎማውን የውስጥ ገጽ ተመልከቱ፤ በዘይት ረጥቦ አቧራ ከለበሰ ሾፌሩን ለመጠየቅ አትፈሩ። ጨዋ ሾፌር አይቈጣም።

አሁን ደግሞ ለአንዳንዱ ቤት የምሥራች ሊሆን የሚችል ነገር እንጻፍ። ከዘንግ ጥገና በኋላ «ካምቢዮው ሞቷል» የተባለለት መኪና ሁሉ በእርግጥ ካምቢዮው አልሞተም። በብዙ መኪና የዘንጉ ውስጠኛ ጫፍ ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት አለ፤ ሥራውም ዘንጉ ገብቶ ከቦታው እንዳይወጣ መያዝ ነው። አሮጌው ቀለበት ተመልሶ ከገባ፥ ወይም ዘንጉ እስከ መጨረሻው ሳይገፋ ከቀረ፥ ወይም የሌላ ሞዴል አጠር ያለ ዘንግ ከተገጠመ፥ መኪናዪቱ ጉድጓድ ስትዘልል ወይም ስትታጠፍ ዘንጉ ሾልኮ ይወጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይነሣል፤ ማርሹ ይገባል፤ መኪናዪቱ ግን ንቅንቅ አትልም። ዲፈረንሻል ኃይሉን የሚልከው ወደሚቀልለው ወገን ስለ ሆነ፥ አንዱ ዘንግ ከወጣ ሌላው ጎማ ቢኖርም አይዞርም። ባለ መኪናው ካምቢዮው የሞተ ይመስለዋል። ያላወቀ ወይም ያላዘነ ሰው ደግሞ «አዎን፥ ሞቷል» ብሎ ሌላ ካምቢዮ ያስገዛዋል። ስለዚህ መኪናዪቱ በድንገት፥ ያለ ማላዘንና ያለ ሽታ፥ መሄድ ከተወች፥ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሁለቱም ዘንጎች በቦታቸው መሆናቸው ይታይ። ዘንጉ በጊዜ ከተገኘና ዘይቱ ካላለቀ ነገሩ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ይህ ነው፤ ዘንጓ የወጣ መኪና ማርሽ አስገብተው ቢያቆሟት አትያዝም። አውቶማቲክም በማቆሚያው ላይ ቢሆን እንዲሁ ትንከባለላለች። የእጅ ፍሬንና ታኮ ብቻ ነው የሚይዛት።

ጋራዥ ስንሄድ ምን እንጠይቅ? ከሁሉ አስቀድሞ፥ ዘንጉ ከመውጣቱ በፊት የቀለበቱና የዘይቱ ነገር በግልጽ ይነገር፤ አዲስ ፓራዮሊዮ፥ አዲስ የጫፍ ቀለበት፥ በመጽሐፉ የታዘዘው ዘይት። አሮጌው ዕቃ ይመለስልን ማለትም ነውር አይደለም። ዘይቱ ሲሞላ መኪናዪቱ በሜዳ ላይ ቀጥ ብላ ትቁም እንጂ በአንድ ወገን በክሪክ ተነሥታ አይሁን፤ በእጅ በሚለወጠው ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ልኩ ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እኩል ደርሶ መፍሰስ ሲጀምር ነው። ይህን ባለ መኪናው ቆሞ ማየት ይችላል፤ ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የጎማው መካከለኛ ዳዶ ደግሞ በልኩ መጥበቅ አለበት፤ ከላላ የጎማውን ኩሽኔታ ይበላል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቤት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ከመኪናዪቱ ፊት ሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፍ፤ ጠዋት ልጆች አይተው ይንገሩ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ከአዋቂም ይልቅ በትጋት ይፈጽሙታል። ንጹሕ ውኃ ብቻ ከሆነ አያሠጋም። ወፈር ያለ፥ በጣት ሲነካ የሚያሟልጭ፥ ድኝ ድኝ የሚል ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀይ ነው። ያን ጊዜ የሞተሩን ዘይት ለክቶ መጽናናት አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጋራዡ መመለስ ነው። ዘንግ የተለወጠላት መኪና ረጅም ጉዞ ከመጀመሯ በፊት ጥቂት ቀን በከተማ ትሂድና የካምቢዮዋ ዘይት እንደ ገና ይታይ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይበቃል የሚል ቢኖር፥ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታይ መኪና በ20 ቀን የሚያልቅ ዘይቱን ማን ያይለታል?

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሠራተኛና በአሠሪ መካከል ስላለው የሥራ ውል ደንግጓል፤ ነገር ግን ማናቸውም ሕግ ቢሆን ከሳሹ የሚለውን እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። ያ አባወራ ከጋራዡ የተቀበለው ወረቀት አልነበረውም። ምን ቀን እንደ ተሠራ፥ ምን ዕቃ እንደ ተለወጠ፥ ምን ያህል ዘይት እንደ ተሞላ የሚያሳይ ደረሰኝ ቢኖረው፥ የደጀኑ መካኒክ ያወጣውን የተሰነጠቀ ቀለበት ይዞ ቢቀርብ፥ ንግግሩ ሌላ በሆነ ነበር። ቀለበቱን እንኳ በዚያው በደጀን ጥሎት መጣ። ለአሮጌ ካምቢዮ የከፈለው ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጠው ላይ ነው። ሚስቱ ይህን ስትነግረን ጋራዡን አልረገመችም፤ «አንድ ቁራጭ ወረቀት ብንጠይቅ ምን ነበረበት» አለች።

በኤሌክትሪክ የምትሄድ መኪና የገዛ አንባቢ ይህ አይመለከተኝም ብሎ ገጹን እንዳይገልጥ እንለምነዋለን። ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ማርሽ የለውም፤ ነገር ግን የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንስ የጥርስ ሣጥን፥ በውስጡ ዘይት፥ ከእርሱም ወደ ጎማ የሚወጡ ሁለት ዘንጎችና ሁለት የላስቲክ ቀለበቶች አሉት። ዘንጉ ሲለወጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

በመንገድ ላይ ማላዘን የጀመረች መኪና በጎሐ ጽዮን ከሆነች በጎሐ ጽዮን ትቁም፤ በደጀን ከሆነች በደጀን። ቁልቁለቱን ወርዶ በማዶ ይታያል ማለት አይገባም። መጎተት ግድ ከሆነ በፊት ጎማ የምትሄደዋ መኪና የፊት ጎማዎቿ ተነሥተው ወይም ራሷ በጭነት መኪና ላይ ተጭና ትሂድ እንጂ፥ ጎማዎቿ መሬት እየነኩ በገመድ አትጎተት፤ ጎማው ሲዞር ደረቁ ካምቢዮ አብሮ ይዞራልና ሊተርፍ የሚችለውም ብረት ያልቃል። ለታኮ የተደረገውንም ድንጋይ ከመሄዳችሁ በፊት ከአስፋልቱ ላይ አንሡት፤ በዚያ አቀበት ሌሊት የሚወጣ ሾፌር ከኩርባው ወዲህ ሳያየው ይደርስበታል።